ቀይዋ ሞተር እስክትበርድ

ተስፋነህ ካባ ሰፊ ነው። ከደብረ ታቦር እስከ ሐሙሲት ባሉት አጥቢያዎች ካህናት በበዓል ቀን የሚደርቡት ከፋይና ታቦት ሲወጣ የሚዘረጋው ባለ ዘርፍ ጥላ አብዛኛው ከእሱ እጅ የወጣ ነው። ሱቁ ጠባብ ናት፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ሰፊ ጠረጴዛና ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ ወርቅማ የሙካሽ ክር ይሞላታል። ማንኛውንም ነገር ሲያይ መጀመሪያ የሚያየው ስፌቱን ነው። አዲስ ሰው ሲተዋወቅም ፊቱን ከማየቱ በፊት ኮሌታውን ያያል። ሚስቱ ሸጊቱ፣ "እኔንም ያጨኸኝ የቀሚሴን ጠርዝ አይተህ ነው" ትለዋለች። እሱም አያስተባብልም።

ሞተር የመግዛቱ ነገር የመጣው በሚኒባስ ምክንያት ነው። ለይፋግ ደብር የሰፋውን ነጭ ካባ ከበርበሬ ጆንያና ከጋዝ ጀሪካን ጋር ጭነውት፣ ሲደርስ ካህናቱ እያሸተቱ ተያዩ። ባልና ሚስት መከሩና የራሳቸው መጓጓዣ እንዲኖራቸው ቆረጡ። ተስፋነህ ወደ ባሕር ዳር ሲወርድ ሸጊቱ እስከ በር ሸኝታ አደራዋን አስረግጣ ነገረችው።

"ሁለት ሰው የሚይዝ። ከኋላው ዕቃ መጫኛ ያለው። ድምፁ ጎረቤት የማይቀሰቅስ። ሰማኸኝ?"

"ሰማሁ።"

እውነትም ሰምቷል። የፋሲል ጋራዥ ደርሶ እንደዚያ ያሉትን ሞተሮች አንድ በአንድ አየ። ፋሲል አሮጌ ሞተር እየጠገነ የሚሸጥ፣ ብዙ የማያወራ ሰው ነው። ግቢው ጥግ ላይ ግማሹ በሸራ የተሸፈነ ቀይ ነገር ነበር። ተስፋነህ ሸራውን ገለጥ አደረገው።

ሞተሯ የጣሊያን ነች፤ ለውድድር እንደሚሠሩት ዓይነት። መሪዋ ዝቅ ያለ፣ ወገቧ የቀጠነ፣ አፏ ወደ ፊት የሾለ ነው። የሚነዳት ሰው ይተኛባታል እንጂ አይቀመጥባትም። ለመንገድ ሥራ የመጣ አንድ ጣሊያናዊ መሐንዲስ አምጥቷት፣ አገሩ ሲመለስ ትቷት ሄደ።

"እሷ ላንተ አትሆንም" አለ ፋሲል ከሩቅ።

ተስፋነህ ግን ተንበርክኮ መቀመጫዋን ይዳብስ ጀምሯል። ሁለት መስመር የተሰፋ ቆዳ ነው። መስመሮቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ይጓዛሉ፤ የዘለለ ጥልፍ የለም። ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ሰፊው መርፌውን ሳያነሳ ቆዳውን አዙሮታል።

"ሰው ሞተር ሊገዛ ሲመጣ ጎማ ያያል፣ ዘይት ያያል" አለ ፋሲል ቀርቦ። "አንተ ወንበር ትዳብሳለህ።"

"ወንበሩን እንዲህ የሰፋ ሰው ሌላውን አበላሽቶ አይሠራም።"

"ወንበሩን የሰፋውና ሞተሩን የሠራው አንድ ሰው መስሎህ ነው?"

ተስፋነህ እንደዚያ መስሎት ነበር። ካባ ከቆረጣው እስከ ዘርፉ የአንድ ሰው እጅ ነው፤ ሞተር የሚሠራበትን ቦታ ደግሞ አይቶ አያውቅም። ተነሥቶ አቧራውን አራገፈና ዋጋ ጠየቀ።

ፋሲል ነጋዴ ቢሆንም ውሸት አይሆንለትም። "ስማ፣ ቀድሜ ልንገርህ። ስትሄድ የሚደርስባት የለም። ሞቃ ሳለች ካጠፋሃት ግን አትነሳም። ብትገፋትም፣ ቁልቁል ብትለቃትም አትነሳም። እስክትበርድ ትጠብቃለህ። ጋዝ ካልሰጠሃትም ቆማ አትቆይም፣ ራሷ ትጠፋለች። ካንዴላ ቀየርሁ፣ ሞተሪኖ ቀየርሁ፣ ሁለት ጊዜ ፈታኋት። ምንም የለባትም። ጠባይዋ ነው።"

"እስክትበርድ ምን ያህል ነው?"

"ሰው ምሳ በልቶ እጁን እስኪታጠብ።"

ተስፋነህ ጥቂት አሰበ። "ጠባይ የሌለው ማን አለ?" አለ።

"እንግዲህ ይቅናህ" አለ ፋሲል፤ ቁልፉን ሲሰጠው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብሎ። "ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን ስንል የኖርነው የእሷን ቋንቋ ነው። ቢያንስ ስታናግራት ትሰማሃለች።"

ሸጊቱ ድምፁን ከሩቅ ሰምታ ወጣች። ያን ጊዜ ገና የመጀመሪያ ልጇን አላረገዘችም፤ ወገቧን ይዛ ሞተሯን ዙሪያዋን ዞረቻት።

"ከኋላ ማን ነው የሚቀመጠው? ድመት?"

"ትንሽ ጠበብ ይላል እንጂ..."

"ዕቃውስ?"

"በጀርባዬ አዝለዋለሁ።"

"ጎረቤቱስ?" አለች፤ ጎረቤቱ በሙሉ አጥሩ ላይ መውጣቱን በአገጯ እያሳየች። ሸጊቱ እጇን አንሥታ የሞተሯ መቀመጫ ላይ አሳረፈች፤ ጣቷን በስፌቱ ላይ ሳበችው። የካባ ሰፊ ሚስት ናትና ገባት። "ጣውንት አመጣህብኝ" አለችና ወደ ቤት ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእሷ አፍ ስሟ "ጣውንቴ"፣ በከተማው አፍ "ጣሊያኗ" ሆነ።

ጣሊያኗ የከተማውን የድንጋይ ንጣፍ አትወድም። በእሱ ላይ ስትሄድ ጥርሷን እንደሚያማት ሰው ታጉረመርማለች፤ ተስፋነህም ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ክብደቱን ያቀልላታል። አስፋልቱ ላይ ስትወጣ ግን ሌላ ናት። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወርደው መንገድ መታጠፊያው ብዙ ነው። እዚያ ላይ መሪዋን ማዞር አያስፈልግም፤ ወገቡን ዘንበል ካደረገ እሷም ዘንበል ትላለች። ለዚህ ብቻ ብሎ ባዶ እጁን ወርዶ የወጣበት ቀን እንዳለ ሸጊቱ ታውቃለች፤ "ክር ልገዛ ነው" ሲላት ምን ዓይነት ክር ብላ አትጠይቀውም። ካባዎቹን የሚያዝልበት ሰፊ ቦርሳ ራሱ ሰፋ። ከዚያ ወዲህ ሥራው ሳይጨማደድና ሳይሸት ይደርሳል።

ችግሩ የአገሩ ወግ ነበር። በዚህ አገር በበቅሎ ወይም በፈረስ የሚሄድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ይወርዳል፤ ለቀስተኛ ሲያገኝ ይወርዳል፤ ሽማግሌ ሲያገኝ ወርዶ ሰላም ብሎ፣ ተመርቆ ነው የሚያልፈው። በቅሎ ከከተማው እየጠፋ ቢሄድም ወጉ አልጠፋም። ባጃጅ ውስጥ ያለ ሰው እንደ ቤት ስለሚቆጠር ማንም አይቀየመውም። ተስፋነህ ግን ከላይ ነው የተቀመጠው፤ ሲያልፍ ሁሉም ያየዋል። ሞተሩን ሳያጠፉ መውረድም አይሆንም፤ ጋዝ ካልሰጧት ትጠፋለች፣ ጋዝ እየሰጡ ማስጮኽ ደግሞ ሽማግሌ ፊት እንደ መሳደብ ነው። ስለዚህ ይወርዳል፣ ያጠፋታል፣ ሰላምታውን ሰጥቶ ምርቃቱን ይቀበላል። ሽማግሌው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። እሱ እዚያው ይቀራል።

እንዳልነሳችለት እንዲታወቅ ግን አይፈልግም። የቤትን ገመና ደጅ ማውጣት ነውር ነው፤ ያውም ከተማው በሙሉ ያየውን ምርጫ። ስለዚህ ከኪሱ የከፋይ ቁራጭ ያወጣና ይወለውላታል። መስታወቷን፣ የነዳጅ ሰልባትዮዋን፣ የጎማዋን ብረት አንድ በአንድ ይጠርጋል። ምሳ ተበልቶ እጅ የሚታጠብበት ጊዜ ሲያልፍ ጨርቁን አጥፎ ኪሱ ይከትና ቁልፉን ያዞራል። እሷም በአንድ ጊዜ ትነሳለች። ሰዉም፣ "እንዲህ ያለ ንጹሕ ሰው! አንዲት ጉድፍ አያሳርፍባትም" ይላል። ልጆቻቸውን በእሱ ምሳሌ የሚቆጡ እናቶችም ነበሩ።

የሸጊቱ አባት አያ ደሞዜ ወደ ወረታ ሲወረድ ዓለም በር ሳይደረስ አስፋልቱ ዳር ገብስና ድንች የሚያርሱ፣ በአካባቢው የተከበሩ ሰው ናቸው። ግራጫ በቅሎ ነበረቻቸው፤ ሞታለች። በእሷ ዘመን የነበራቸው ስም ግን አልሞተም። ለበዓል ወደ ደብረ ታቦር ኢየሱስ ሲወጡ ቤተ ክርስቲያኑ ሲታይ ይወርዱ ነበር። ይህን ሁሉም ያደርገዋል። አያ ደሞዜ ግን ሲመለሱም አይቀመጡባትም፤ ልጓሟን ይዘው እየሳቡ እስከ ቤታቸው በእግራቸው ይወርዳሉ። ባለ በቅሎ ሆኖ እንዲህ ያለ ትሑት ሰው አልታየም ይባልላቸዋል።

ነገሩ የመጣው በመስከረም፣ ሸጊቱ ሴት ልጅ ወልዳ ገና አራስ ሳለች ነው። ተስፋነህ ለመስቀል የሚደርስ ነጭ ከፋይ ከወረታ ገዝቶ ዳገቱን ይወጣ ነበር። ከኋላው፣ ከፎገራ በኩል፣ ጥቁር ደመና ይከተለዋል፤ ቦርሳው ውኃ አይችልም። ጣሊያኗ በዳገቱ ግላ እግሩን ትለበልበዋለች። ከዓለም በር አለፍ እንዳለ ከማኅበር የሚመለሱ ሰዎች በመንገዱ ዳር ሲመጡ አየ። መሐላቸው አያ ደሞዜ ነበሩ።

እሳቸው ቀድመው አይተውታል። "ቆዩ" ብለዋል ለጓደኞቻቸው፤ "አማቼ ነው፣ ይወርዳል።" ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ዘንጋቸውን ተደግፈው፣ ለሰላምታ ቆመዋል። ማኅበርተኛውም አብሮ ቆሟል።

ተስፋነህ ደመናውን አየ፤ ከፋዩን አሰበ። ፍሬኑን ነካ አደረገና ለቀቀው። እንደ ዕንቁላል በተዘጋው የራስ ቁር ውስጥ ሆኖ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣና አለፈ። መስታወቱ ላይ ሲያይ ሰዎቹ ገና እንደ ቆሙ ነበር።

ከፋዩ ሳይረጥብ ደረሰ። መልእክቱም ብዙ አልዘገየም። "እንደ ዳክዬ ጭንቅላቱን ነቅንቆብኝ አለፈ" ብለዋል አያ ደሞዜ። "በበቅሎ ዘመን ያልደረሰብኝ በብረት ደረሰብኝ። እሱ ያለበት ቤት አልገባም። የልጅቷ ክርስትናም ላይ አልቆምም።"

ሸጊቱ ይህን ስትሰማ ልጇን ታጠባ ነበር። ሌላ ጊዜ እንደምታደርገው አልቀለደችም። የመጀመሪያ ልጇ ናት፤ ብዙ ጠብቃ ያገኘቻት። "አባቴ ሳይመርቋት ልጄ ክርስትና አትነሳም" አለች። "አጥፍተሃል። ለምን እንዳለፍክ ሄደህ ንገራቸው።"

"ምን ብዬ? አትነሳልኝም ብዬ?"

"እውነቱ እሱ አይደለም?"

"ከተማው እኮ የሚያውቃት..." አለና አልጨረሰውም።

ክርስትናው ሲቃረብ ቄስ ሙላቴ በመሐል ገቡ። የሁለቱም ቤት የንስሐ አባት ናቸው፤ የደረቡት ካባም የተስፋነህ ሥራ ነው። አማቾቹን በአያ ደሞዜ ቤት አገናኙ። ሸጊቱ ልጇን አዝላ በሚኒባስ መጣች። ተስፋነህ በእግሩ ወረደ። ደጁ ላይ ሲደርስ እንደ ወጉ ድንጋይ አንሥቶ ትከሻው ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ ገባ።

"አጥፍቻለሁ አባቴ። ይማሩኝ።"

አያ ደሞዜ ከመደባቸው አልተነሡም። "ድንጋዩን ያውርድ" አሉ ወደ ቄሱ እያዩ፤ ለእሱ በቀጥታ አልተናገሩም። "የምጠይቀው አንድ ነው። ለምን አልወረደም? ዓይኑ አላየኝም?"

"አይቼዎታለሁ።"

"ጉዳይ ነበረው? ሰው ታሞበት ነበር?"

"የለም።"

"እንግዲህ ምንድን ነው? መናቅ ነው!"

ተስፋነህ ኪሱ ውስጥ የከፋዩን ቁራጭ በጣቶቹ ያሻል።

ቄስ ሙላቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ ምክንያት ከሌለህ ፍርዱ ቀላል ነው። ለጠብ ያበቃችህን ሸጣት። በእሷ ምትክ ሰው የሚያወርድ ነገር ግዛ።"

ተስፋነህ ወለሉን አየ። ሸጊቱ ትክ ብላ አየችው፤ ሊሸጣት ነው። ለመናገር አፉን ከመክፈት መሸጥ ሊቀለው ነው። ያን መቀመጫ በጣቷ የነካችበት ቀን ትዝ አላት።

"ኧረ ንገራቸው!" ብላ ጮኸች፤ ልጇ ነቅታ ማልቀስ ጀመረች። "አባባ፣ ስትሞቅ ካጠፋት አትነሳም! ምንም ቢያደርጋት አትነሳም! እስክትበርድ እዚያው ነው የሚቀረው። ከተማ መሐል የሚወለውላት ለንጽሕና መስሏችሁ ነው? እስክትበርድ ነው! ያን ቀን ቢወርድ ዝናቡ ከነከፋዩ ያገኘው ነበር። ይኸው ነው!"

ተስፋነህ ራቁቱን የቆመ ይመስል ጃኬቱን ሰበሰበ። ከዚያ ከጓዳው በኩል ሳቅ ተሰማ። የሸጊቱ እናት እቴነሽ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ወደ በሩ ወጡ።

"በሞቴ! ልክ እንደ ግራጫይቱ!"

"እቴነሽ" አሉ አያ ደሞዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ምን እቴነሽ? ስንት ዘመን ዝም አልሁ።" ወደ ቄሱ ዞሩ። "አባ፣ አያ ደሞዜ በቅሎውን እየሳበ በእግሩ ወረደ ሲባል ሰምተዋል?"

"እንዴት አልሰማም? ስለ ትሕትና ስሰብክ የምጠቅሰው እሳቸውን አይደለም እንዴ!"

"ለኢየሱስ ክብር መውረዱስ እውነት ነው። መልሶ መውጣት ነው የቸገረው! አንዴ ከወረደ በኋላ አታስወጣውም። እግሩን እርካብ ላይ ሲያደርግ ትዞራለች። ሲይዛት ትራገጣለች። ቤቷ ገብታ ገብሷን ካልበላች አታስነካም። መጀመሪያ ቀን ጭቃ ውስጥ ጥላው ነው የመጣ፤ ጋቢውን እኔ ነኝ ያጠብሁ! ከዚያ ወዲህ መሞከሩን ተወ። ሰዉ ትሑት አለው። እሱም አላስተባበለ።"

ቄስ ሙላቴ ጢማቸውን ይዘው ጣሪያውን አዩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

አያ ደሞዜ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ወደ ተስፋነህ ዞሩ።

"እና ሰው ሲያይህ ትወለውላታለህ?"

"አዎ አባቴ።"

"በምን?"

"በዚህ" አለና የከፋይ ቁራጩን አወጣ።

ተቀብለው በሁለት ጣታቸው አሻሹት። "እኔ ልጓሟን ይዤ ከንፈሬን አንቀሳቅስ ነበር" አሉ። "ዳዊት የምደግም እንዲመስል። የምረግማት እሷን ነበር።"

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ሳቁ ሳል ሆኖ እንባ እስኪያመጣባቸው ሳቁ። ልጅቷ ለቅሶዋን አቁማ አያቷን አየች።

"ሞተሯን ይሽጥ ያልነውስ?" አሉ ቄስ ሙላቴ ሲረጋጉ።

"ማን ይገዛታል? ጠባይዋን ከነገረ አትሸጥም፤ ካልነገረ ኃጢአት ነው።" አያ ደሞዜ ጨርቁን መለሱለት። "ይልቅ ፍርዴን ስማ። መንገድ ላይ ስታገኘኝ ትወርዳለህ፤ ታጠፋታለህ። ዝናብም ቢመጣ ቤቴ ቅርብ ነው፣ ከፋይህን ይዘህ ትገባለህ። እስክትበርድ አብሬህ እቀመጣለሁ። ሰው ብቻህን እንዳያይህ። ይህም ነገር ከዚህ ቤት አይውጣ።"

"ስብከቱስ?" አሉ ቄሱ።

"ስብከቱ ባለበት ይቆይ አባ። የሰው ነፍስ እየጠቀመ ነው።"

በክርስትናው ቀን አያ ደሞዜ ከሁሉ ቀድመው ደረሱ። ከነጩ ከፋይ ትራፊ ለልጅቷ የተሰፋችውን ቆብ አገላብጠው አዩ፤ ጠርዟን በጣታቸው ተከተሉ፤ "ደህና ነው" አሉ። ከእሳቸው ይህ ብዙ ነው።

አሁን በጋ ነው። ተስፋነህ ከወረታ ወይም ከሐሙሲት ሲመለስ፣ ዓለም በርን አልፎ ከዳገቱ ላይ ያለችው ወይራ ስትታይ ጋዙን ይቀንሳል። ከሥሯ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ድንጋይ አለ። አያ ደሞዜ አውድማ ላይም ቢሆኑ ድምፁን ያውቁታል፤ መንሻቸውን ጥለው ወደ መንገዱ ይወጣሉ። እሱ ይወርዳል፤ ያጠፋታል፤ የራስ ቁሩን አውልቆ ጉልበት ይስማል። ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ስለ ገብሱ ምርት፣ ስለ ልጅቷ ጥርስ፣ ግራጫይቱ አንድ ቀን በወረዳው ሊቀ መንበር ፊት ስላደረገችው ነገር ያወራሉ። የሚያልፈው ሰው፣ "እነዚህ አማቾች ሲዋደዱ!" እያለ ያልፋል።

ከጉና በኩል ነፋሱ ሲመጣ አያ ደሞዜ ይነሡና መዳፋቸውን በሞተሯ ጎን ላይ ያሳርፋሉ፤ የበቅሎ ላብ መድረቁን እንደሚያይ ሰው።

ዛሬም እንዲሁ አሳረፉ። ፀሐይዋ ወደ ጣና ዘቅዝቃለች። ብረቱ ከቀዘቀዘ ቆይቷል፤ ተስፋነህ ከተቀመጠበት ሆኖ ያውቀዋል፤ እየበረደ ሲጨማተር የሚያሰማው ድምፅ ካቆመ ብዙ ሆኗል።

"ገና ነች" አሉ አያ ደሞዜ፤ ተመልሰውም ተቀመጡ።

ተስፋነህ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። "አዎ አባቴ" አለ። "ገና ነች።"